ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (ሰኔ 1876 – ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የመድፈኛ መኮንን፣ አገረ ገዥ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ዲፕሎማትና ጸሐፊ ተውኔት ነበሩ። በፊታውራሪነት ማዕረግም ይጠራሉ። በይበልጥ የሚታወቁት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸውና በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን በመድረሳቸው ነው። የኢትዮጵያ ፓርላማ የተቋቋመው፣ እንደራሴዎቹም በምን ጉዳይ፣ መቼና እንዴት መነጋገር እንደሚችሉ የተወሰነው በዚሁ ሕገ መንግሥት ነው።

የልጅነት ዘመን

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰሜን ሸዋ ሰያደብር በተባለው ስፍራ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ሠራዊቱን ተከትለው ዘመቻውን በዓይናቸው አይተዋል።

ትምህርት በሩሲያ

ከዓድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር የነበራት ወዳጅነት ሲጠነክር፣ ተክለ ሐዋርያት ከሩሲያዊው ሌዎንቲየቭ ጋር ለትምህርት ወደዚያው አገር ተላኩ። እዚያም በሞልቻኖቭ በሚባል የጦር መኮንን ቤተሰብ ውስጥ እንደ ልጅ ሆነው አደጉ። በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሚኻይሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው የመድፈኛ መኮንንነት ትምህርት ተከታተሉ።

ከዐሥር ዓመት በላይ በቆዩባት ሩሲያ የነበሩበት ዘመን በዚያች አገር ታሪክም ብዙ ለውጥ የታየበት ነበር። ሩሲያ በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. በጃፓን ጦር ተሸነፈች፤ በዚሁ ምክንያት በተነሳው አመፅ ዛር ኒኮላስ ዳግማዊ ዱማ የተባለ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ለማቋቋም ተገደደ። ፍጹም ሥልጣን ያለው ንጉሥ ምክር ቤት ሲፈቅድ፣ ምክር ቤቱም ከተፈቀደለት በላይ ሲናገር ሲበትነው የታየው በዚያ ጊዜ ነው። የእስያዋ ጃፓን የአውሮፓን ኃያል መንግሥት ማሸነፏም በኢትዮጵያ የዘመኑ ምሁራን ዘንድ ጃፓንን የአርአያነት ስፍራ አሰጥቷታል። ተክለ ሐዋርያትም ኢትዮጵያ የጃፓንን መንገድ ብትከተል ፈጥና ትሠለጥናለች ብለው ከሚያምኑት አንዱ ሆኑ።

ወደ አገር መመለስና «ፋቡላ»

ተክለ ሐዋርያት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የዳግማዊ ምኒልክ ጤና ታውኮ ነበር። በኋላም በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ቆይተዋል። ቋንቋ የሚያውቅና ዘመናዊ ትምህርት ያለው ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ሆኑ። መስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት ለውጥ ውስጥም ተካፋይ ነበሩ።

«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔታቸው በአዲስ አበባ በሹማምንትና በመኳንንት ፊት ታየ። ተውኔቱ እንስሳትን ተናጋሪ አድርጎ የአስተዳደርን ጉድለት በተረት መልክ የሚነቅፍ ነበር። ጽሑፉ እንዳይሰራጭ፣ ተውኔቱም እንደገና እንዳይታይ ታገደ። ከዚያ በኋላ የቲያትር ሥራ በኢትዮጵያ ለብዙ ጊዜ ተዳክሞ ቆየ።

በጅጅጋና በጨርጨር

ተክለ ሐዋርያት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን በመጀመሪያ የጅጅጋ፣ ቀጥሎም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው አገለገሉ። ጨርጨር በዘመናዊ አስተዳደር ለሌሎች ግዛቶች ናሙና እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። ዛሬ ጭሮ የምትባለውንና ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ተብላ የተሰየመችውን ከተማ በፕላን የቆረቆሩት እርሳቸው ናቸው። ቡና አብቃይ በሆነው በዚህ አገር የመሬት አሰጣጡ፣ የግብሩ አከፋፈልና የሹማምንቱ ሥራ በተጻፈ ደንብ እንዲመራ ለማድረግ ሞከሩ። በኋላ በሕገ መንግሥቱ ላይ የሚታየው ሥልጣንን በጽሑፍ የመወሰን ዝንባሌያቸው በጨርጨር አስተዳደራቸው አስቀድሞ የታየ ነው። ቀጥሎ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት

መነሻው

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከጋይንት አቅራቢያ በደብረ ዘቢጥ አጠገብ በአንቺም ሜዳ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ። አውሮፕላን በኢትዮጵያውያን መካከል በተደረገ ውጊያ ላይ የዋለው በዚህ ጦርነት ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ፤ ንጉሥ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ።

ከአንቺም በኋላ እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን የሚያቅፈው በጌምድር የራሱን ጦር ይዞ ከአዲስ አበባ ጋር የሚደራደር ገዥ አልነበረውም። ሌሎቹ ታላላቅ መኳንንት ግን በየግዛታቸው ነበሩ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት እነዚህን ሰዎች በጦር ከመግጠም ይልቅ በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ወንበርና ማዕረግ ሰጥቶ፣ በሕግ ማሰርን መረጡ። ሕገ መንግሥቱን የማርቀቁ ሥራ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ።

ረቂቁና የመኳንንቱ ክርክር

ተክለ ሐዋርያት በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ አደረጉ። ረቂቁ ለመኳንንቱ ቀርቦ ሲመከርበት ዋናው ክርክር ስለ ምክር ቤት አልነበረም። አንዳንዶቹ ታላላቅ መኳንንት የያዙት ግዛት ለልጆቻቸው እንዲተላለፍ በሕገ መንግሥቱ እንዲረጋገጥላቸው ፈለጉ። ይህ ሐሳብ አልተቀበለም። በጽሑፍ የጸናው የአንድ ቤት ውርስ ብቻ፣ ይኸውም የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሆነ።

ሕገ መንግሥቱ በ7 ምዕራፍና በ55 አንቀጽ ተጠናቅቆ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በመኳንንቱና በካህናቱ ፊት ተፈረመ። በበዓሉ ላይ ተክለ ሐዋርያት የሕገ መንግሥቱን ትርጉም የሚያብራራ ረጅም ንግግር አደረጉ።

የምክር ቤቶቹ የክርክር ደንብ

ሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት የሚመረጡ ሆኑ። ስለዚህ የእስቴና የስማዳ ገበሬ ስለ እርሱ የሚናገረውን እንደራሴ የመምረጥ ድርሻ አልነበረውም።

የክርክሩን መልክ የወሰኑት ከአባላቱ አመራረጥ ይልቅ ከአንቀጽ 34 እስከ 47 የሰፈሩት የአሠራር ደንቦች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ነበሩ፦

አጀንዳ። በአንቀጽ 35 መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሚኒስትሮች በሚልኩለት ሐሳብ ላይ የመምከር ግዴታ ነበረበት። ከአባላቱ ለአገር ይጠቅማል የሚሉት ሐሳብ ሲኖር ግን በፕሬዚዳንታቸው በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል፤ ምክር ቤቱ ሊነጋገርበት የሚችለው ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

አስተያየት። በአንቀጽ 36 እያንዳንዱ ምክር ቤት ለየብቻው ሐሳቡን ለንጉሠ ነገሥቱ መግለጥ ይችል ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት ካላገኘ በዚያው የጉባኤ ዘመን ጉዳዩን እንደገና ማንሳት አይቻልም።

ምልዓተ ጉባኤ። በአንቀጽ 41 ከአባላቱ ሦስት እጅ ሁለቱ ካልተገኙ ክርክር መጀመርም ድምፅ መስጠትም አይቻልም። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል ፕሬዚዳንቱ ያለበት ወገን እንዲያሸንፍ አንቀጽ 42 ደነገገ።

ምስጢር። ጉዳዩ በግልጽ ወይም በምስጢር የሚመከርበት መሆኑን ፕሬዚዳንቱ አስቀድሞ ያስታውቃል። ምስጢር የተባለውን በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያወጣ ሰው በወንጀል ይጠየቃል።

የሚኒስትሮች መጠየቅ። በአንቀጽ 47 ምክር ቤቶቹ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሚኒስትር መጥራት አይችሉም። ሚኒስትሩም በፈቃዱ ገብቶ ሊናገር አይችልም።

የውስጥ ደንብ። የሁለቱን ምክር ቤቶች ዝርዝር የአሠራር ደንብ በሕግ መልክ የሚያወጡት ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ምክር ቤቶቹ አልነበሩም። ይህም በአንቀጽ 44 ተደንግጓል።

በሌላ በኩል ለእንደራሴው ጥበቃ የሚሆኑ ድንጋጌዎችም ነበሩ። አንቀጽ 34 ምክር ቤቶቹ ሳይመክሩበት ሕግ በሥራ ላይ እንዳይውል ከለከለ። አንቀጽ 45 ደግሞ፣ ፍርዱ ሊዘገይ ከማይችል ወንጀል በቀር፣ አባል በጉባኤ ዘመን እንዳይከሰስ አደረገ።

ከሜጂ ሕገ መንግሥት ጋር ሲነጻጸር

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ ተቀዳ ይባላል። በክርክር ደንቡ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በጃፓን ሁለቱም ምክር ቤቶች ሕግ የማመንጨት መብት ነበራቸው፤ በኢትዮጵያ አልነበራቸውም። በጃፓን ለምልዓተ ጉባኤ የአባላቱ ሲሶ ይበቃ ነበር፤ በኢትዮጵያ ይህ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ። የጃፓን ሚኒስትሮች በማንኛውም ጊዜ ምክር ቤት ገብተው የመናገር መብት ሲኖራቸው፣ የኢትዮጵያ ሚኒስትሮች ያለ ፈቃድ በር አያልፉም። የጃፓን ምክር ቤቶች ለውስጥ ሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ደንብ ራሳቸው ማውጣት ይችሉ ነበር። በጃፓን ስብሰባው በመሠረቱ ግልጽ ሆኖ ምስጢራዊነት በመንግሥት ጥያቄ ወይም በምክር ቤቱ ውሳኔ ይመጣል፤ በኢትዮጵያ ግን የፕሬዚዳንቱ ቃል ይወስነዋል።

የልዩነቱ ውጤት ቀላል አልነበረም። የጃፓን እንደራሴዎች ሚኒስትርን በጥያቄ እያስጨነቁ የፖለቲካ ፓርቲ መገንባት ቻሉ። የኢትዮጵያ እንደራሴ ግን የሚጠይቀው ሰው በፊቱ አልነበረም፤ ክርክሩም በተላከለት ወረቀት ላይ ብቻ ይወሰን ነበር።

በተግባር

ፓርላማው በጥቅምት 1924 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ንግግር ተከፈተ። ከየግዛቱ የመጡት መኳንንት አዲስ አበባ ተቀምጠው መምከር ጀመሩ። ይህም ለማዕከላዊው መንግሥት የተፈለገውን ጥቅም ሰጠ፤ ቀድሞ በየአገሩ ኃይል የነበረው ባላባት አሁን ቀጠሮ የሚጠብቅ፣ ምልዓተ ጉባኤ የሚያሟላ የምክር ቤት አባል ሆነ። ምክር ቤቶቹ በጣልያን ወረራ ተቋርጠው ከነፃነት በኋላ እንደገና ሥራ ጀመሩ፤ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስም የተመሩት በዚሁ ሕገ መንግሥት ነበር።

በጄኔቭ

ተክለ ሐዋርያት ሕገ መንግሥቱ ከወጣ በኋላ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ሚኒስትርና በመንግሥታት ማኅበር መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነበር። በጄኔቭ ቆይታቸው በሌሎች የተጻፈ የስብሰባ ደንብ አገራቸውን ሲያስራት አዩ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢትዮጵያና የጣልያን ወታደሮች ተጋጩ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 25 ቀን ጉዳዩን በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 መሠረት ለምክር ቤቱ አቀረበች። በዚህ አንቀጽ የሚሰጥ ውሳኔ የተከራካሪዎቹንም ጭምር ሙሉ ስምምነት ይጠይቅ ስለነበር፣ ጣልያን ብቻዋን ልታግደው ትችል ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1920 ዓ.ም. በተፈራረሙት የወዳጅነት ውል መሠረት በሽማግሌ ዳኝነት ይጨርሱት ተብሎ ውይይቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

መጋቢት 8 ቀን ኢትዮጵያ ጥያቄዋን ወደ አንቀጽ 15 ለወጠች። በአንቀጽ 15 የተከራካሪዎቹ ድምፅ በስምምነቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የአንቀጽ ቁጥሩ መለወጥ የጣልያንን ድምፅ ዋጋ የሚያሳጣ ነበር። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ የሽማግሌ ዳኞቹ ሥራ ሳያልቅ ወደ ዋናው ጉዳይ ለመግባት አልፈለገም። ዳኞቹም በወሰን ጉዳይ ላይ መነጋገር ይችላሉ አይችሉም በሚል ክርክር ሥራቸው ተቋረጠ፤ አምስተኛ ዳኛ እስኪጨመር ሳምንታት አለፉ። ነሐሴ 28 ቀን በሰጡት ውሳኔ ለወልወሉ ግጭት ሁለቱንም ወገኖች ተጠያቂ አላደረጉም።

በእነዚህ ወራት የጣልያን መርከቦች ወታደርና መሣሪያ ጭነው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ይጓዙ ነበር። የቀጠሮው መራዘም የሰጣቸው ጊዜ ክረምቱ እስኪያልፍ በቃቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። መስከረም 26 ቀን ተክለ ሐዋርያት በተገኙበት ስብሰባ የማኅበሩ ምክር ቤት ጣልያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት እንዳስነሳች ወሰነ። ጣልያን ብትቃወምም የተከራካሪ ድምፅ ስለማይቆጠር ውሳኔው ጸና። ቀጥሎ የተጣለው ማዕቀብ ግን ነዳጅ ዘይትን ስላልጨመረ ወረራውን አላቆመም።

ጦርነትና ስደት

ተክለ ሐዋርያት በጦርነቱ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ውስጥ ሆነው መዋጋት አለባቸው ብለው ጉዞውን ተቃወሙ። በዚህ ምክንያት በሁለቱ መካከል የነበረው ቅርበት ተበጠሰ። እርሳቸውም ከጣልያን እጅ ወጥተው በስደት ኖሩ፤ ከስደታቸው ዘመን ብዙውን ያሳለፉት በማዳጋስካር ነው። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ብዙ ስደተኞች ወዲያውኑ ሲመለሱ፣ ተክለ ሐዋርያት የተመለሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የመጨረሻ ዘመን

ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ ከመንግሥት ሥራ ርቀው በሐረርጌ ሂርና በእርሻ ሥራ ኖሩ። በዚያም የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለው ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለው ተውኔት ደራሲ፣ እንዲሁም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ።

ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት ሥርዓት ሲፈርስ ለማየት በቅተዋል። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አውርዶ ፓርላማውን ዘጋ። እርሳቸው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሕገ መንግሥቱ ውርስ

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ብዙዎቹን የ1923 የክርክር ደንቦች ለወጠ። ከአንዱ ምክር ቤት ዐሥር ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ አባላት የሕግ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ተፈቀደ። ምክር ቤቶቹ የውስጥ ደንባቸውን ራሳቸው እንዲያወጡና ሚኒስትሮችን ጠርተው ማብራሪያ እንዲጠይቁ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ሆኖም ለመመረጥ የንብረት መጠን ይጠየቅ ስለነበር ወንበሩን የያዙት በአብዛኛው ባለ ርስቶችና ባለ ሀብቶች ነበሩ።

የአዲሶቹ ደንቦች ኃይል የታየው በመሬት ጉዳይ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም አመፅ ሲያስነሳ፣ የጭሰኛንና የባለ መሬትን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ደግሞ በምክር ቤት ለዓመታት ከረመ። በ1923ቱ ደንብ እንደራሴው ያለ ፈቃድ አጀንዳ መክፈት አይችልም ነበር። በ1948ቱ ደንብ ግን የቀረበለትን ረቂቅ በማዘግየት ብቻ የመንግሥትን ሐሳብ ማክሸፍ ቻለ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ፓርላማው ተዘጋ፤ የመሬቱ ጥያቄ በ1967 ዓ.ም. ያለ ምክር ቤት ክርክር በደርግ አዋጅ ተወሰነ።

ስለ ተክለ ሐዋርያት ሥራ ሁለት ዓይነት አመለካከት አለ። አንዱ ወገን ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱን ፍጹም ሥልጣን በሕግ ከማጽናት በቀር ለሕዝብ የሰጠው ነገር እንደሌለ ይናገራል። ሌላው ወገን ደግሞ ሕግ ሳይመከርበት እንዳይወጣ መደንገጉ፣ በየግዛቱ በጦር ይፈታ የነበረውም ጠብ ወደ አዳራሽ መግባቱ፣ ያኔ ባይታይም ኋላ ለመጣው ክርክር በር መክፈቱን ያነሳል።

ሥራዎች

የተክለ ሐዋርያት ዋና ዋና ሥራዎች «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔትና «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» የተባለው የሕይወት ታሪካቸው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ከሞታቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል፤ ከዓድዋ እስከ ስደት ዘመን ያለውን ታሪክ ለሚያጠኑ ሁሉ ጠቃሚ መጽሐፍ ነው።